ልጃችንን በሐሩር የዳርኩበት ቀን

ጥሩዬ፣ የኔ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ እንዳልልሽ ያለሽበትን አገር አላውቀውም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ውሸቴ ከሩቅ ይታወቅሻል። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። የሄድሽው በጥቅምት ነበር፤ አሁን ግንቦት ገብቷል። መተማም እንደምታውቂያት ናት። ከረፋዱ ጀምሮ ውሻው ከጥላ አይወጣም፣ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ።

ይህን የምጽፈው በዚያው በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት እጅ ጽሑፍ ነው። ያኔ አጠገቤ ተቀምጠሽ «ፊደልህ የትራክተር ጎማ የሄደበት ይመስላል» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬም አልተሻሻለም፤ ቻይውና አንብቢው።

ከቤታችን የተለወጠውን ልንገርሽ። የደጁን ዳስ በአዲስ የማሽላ አገዳ አልብሼዋለሁ። ነጭዋ ፍየል መንታ ወልዳለች። ስኳር ከቀበሌ በወር አንዴ ብቻ ሆኗል፤ እሱም ሲገኝ ነው። እኔ አሁንም በመንግሥት እርሻ ትራክተር እነዳለሁ፤ ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ዋናውን ወሬ አቆይቼዋለሁ፤ በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ ስለማይጥመኝ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቤታችን ዝም አለ። ልጃችን ውባለም ጸጉሯን ተላጨች። ይወጣል ስንል መልሳ ትላጨዋለች፤ እንዲህ እያደረገች እስከ ሙት ዓመትሽ ቆየች። ጥቁሯን ልብስ ከሙት ዓመቱ በኋላም አላወለቀችም። እኔም አታውልቂ አላልኳትም፣ አውልቂም አላልኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝምታው ተስማምቶኝ ነበር። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ ጎረቤት ብርዝ ይዞ ቢገባ «በዚህ ቤት ዘንድሮ የሚጠጣ የለም» ብዬ መለስኩት። የውኃ ማቀዝቀዣሽን ትልቁን እንስራ ከዳሱ ጥላ አንስቼ ከጓሮ ደፋሁት። ሐዘን ማለት እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አንቺ ብትኖሪ ትቆጪኝ ነበር። ሐሩሩ ሲገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያጨፈግግ አንቺ ነበርሽ የምትታደሺው። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ቀዩን የከርከዴ አበባ ለመጠጥ በቀዝቃዛ ውኃ ትዘፈዝፊያለሽ፣ ሐብሐቡን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልያለሽ። ከእርሻ ስመለስ ውኃ በሳፋ አቅርበሽ እግሬን ታስነክሪኛለሽ። የተሰነጣጠቀ እጄን የሰሊጥ ዘይት እየቀባሽ ጨምቀሽ ስትይዥኝ የሥራ ጓደኞቼ በመንገድ ያልፋሉ፤ እኔ በኀፍረት እጄን ስነጥቅ አንቺ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገሽ «ሙቀትን ከታገልከው ይጥልሃል፤ ካጫወትከው ያልፋል» ትያለሽ። በኋላ እነሱም አንድ በአንድ እጃቸው ለስልሶ መጣ። ለየሚስቶቻቸው ያስተማርሻቸው አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አንድ ጊዜ ግን በዚሁ ተጣላን፤ ታስታውሺ ይሆን? በአካባቢው ተኩስ ያለበት፣ ሰው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ መሰደድ ወይም መቅረት የሚያሰላስልበት ሰሞን ነበር። እኔ ከእርሻ ስገባ አንቺ በጓሮ ጉድጓዱ ላይ የግራር እንጨት አጭሰሽ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍነሽ እንደ ሙሽራ ጢስ ትሞቂያለሽ። ተናደድኩ። «በዚህ ዘመን ማማር ምን ያደርጋል?» አልኩሽ። ብርድ ልብሱን ከፊትሽ ገለጥ አድርገሽ፣ ላብሽ እየወረደ፣ «ዘመኑ ቢከፋ እኛም አብረነው እንክፋ?» አልሽኝ። ጥዬሽ ወጣሁ። ይቅርታም አልጠየቅኩሽም። አሁን ጠይቄሻለሁ።

እንግዲህ ወደ ወሬው ልመለስ። አስረስን አትረሺውም፤ በታመምሽ ጊዜ የወባውን ኪኒን ይዞ ማለዳ ማለዳ ይመጣ የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። አንቺን አላዳነልንም፤ እግሩን ግን ከቤታችን አላነሳም። ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ ላከ። እኔም ለሽማግሌዎቹ «ቤቴ ገና ከሐዘን አልወጣም» ብዬ ሸኘኋቸው። ጥር ላይ ተመልሰው መጡ። አስረስ ወደ ሳንጃ ተዛውሮ ነበር፤ ግንቦት ሳያልቅ መሄድ አለበት። በዚህ መሐል ካልሆነ ማን ያውቃል፣ ዘመኑ ሰውን የት እንደሚወስደው።

ውባለምን ጠየቅኳት። «አላገባም» አለች። አትወጂውም እንዴ ብላት ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ወጣች። እኔን ብቻዬን ላለመተው መስሎኝ ኮራሁ፤ እንዴት ያለ ሞኝ ነኝ።

አንድ ቀን ትራክተሩን ከደጅ አቁሜ ምሳ በልቼ ስወጣ ውባለም ከትራክተሩ መስተዋት ፊት ቆማለች። ሻሿን አውልቃ ያንን ጣት የማይሞላ ጸጉሯን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትስባለች። ስታየኝ ደንግጣ ሻሿን አጠለቀች። «ምነው ልጄ?» አልኳት። «አባዬ፣ እማዬ የሰው ሁሉ ሙሽራ ስታስውብ ነው የኖረችው። እኔን ማን ያስውበኛል?» አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ያን ቀን እርሻ ሄድኩ እንጂ አላረስኩም። ትልሙን አጣምሜ አጣምሜ ኃላፊው ተቆጣኝ።

በማግሥቱ ለሽማግሌዎቹ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደገባሁበት የገባኝ። ስለ ሙሽራ የማውቀው አንድም ነገር የለም። ከርከዴውን ልሞክር ብዬ እንደ ሻይ አፈላሁት፤ ምላስ የሚያስር ነገር ሆነ። ውባለም ለይሉኝታ ብላ ጠጣችው። ሂናውን በውኃ በጥብጬ በራሴ አውራ ጣት ሞከርኩ፤ የዛገ ብሎን መሰለ። ያኔ ሐጂያ ፋጡማ ትዝ አሉኝ። ከማዶ፣ ከሱዳኗ ጋላባት፣ ይሄን ሁሉ ሙያ ያስተማሩሽ እሳቸው አይደሉ? ለቅሶሽን አልደረሱም፤ ያኔ መተላለፊያው ተዘግቶ ነበር።

ከቀበሌ መሸኛ ወረቀት አውጥቼ፣ አህያ ተውሼ ሄድኩ። ከኬላው ያለው ወጣት ወታደር ወረቀቱን አገላብጦ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ልጄን ልድር ነው። ሂና የምትቀባ ሴት ፍለጋ ነው።»

ሳቀ። «አባት ነው ሂና ፍለጋ የሚወጣው? እናቷስ?»

«እናቷ የለችም» አልኩት።

ሳቁን ተወ። «እስከ ስድስት ሰዓት ተመለስ» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ።

ሐጂያ ፋጡማ ጉልበታቸው ተይዟል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሲያዩኝ መሬት ላይ ተቀምጠው ለአንቺ አለቀሱ። የቀረባቸውን ለቅሶ እንዳለ አወጡት። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ በቀብርሽ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ሲበቃቸው በልብሳቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው «አሁን ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ። ያበላሸሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አውራ ጣቴንም አሳየኋቸው። «አንተ ትራክተር ነጂ ነህ» አሉኝ እየሳቁ። «የሙሽራ እጅ እንደ ሞተር በግሪስ የሚታሽ መሰለህ? ከርከዴ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ማን እሳት ላይ ጣደው አለህ?» ልማር ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ግን ሻንጣቸውን አስነሡኝ። አህያው ላይ አፈናጥጬ መጣን።

ስንመለስ ያው ወታደር ቆሟል። ወረቀቱ የኔን ስም ብቻ ነው የያዘው። «እኒህ ሴትዮስ?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «የሙሽራዋ እናት ናቸው» አልኩት።

ይቅር በይኝ፣ ቦታሽን ለሰው የሰጠሁ እንዳይመስልሽ። ወታደሩ የእናትየዋን አለመኖር ከኔው አፍ ሰምቷል። እሳቸውንም አየ፣ እስከ እግራቸው ድረስ የተጠመጠመውን የሱዳን ልብሳቸውን አየ፣ እኔንም አየ። ሐጂያ ፋጡማ ከአህያው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ አሳልፈን። ሙሽራዋ ትጠብቀኛለች» አሉት። ወረቀቱን ሳይጽፍበት መለሰልኝና «እለፉ፣ እናቴ» አላቸው። እስከ ቤት ድረስ ሐጂያ በልብሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሦስት ቀን ቤታችን የሴት ቤት ሆነ። እኔን ከጓሮ አባረሩኝ፤ ሥራዬ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳትና ቅርንፉድ መውቀጥ ሆነ። ከአጥሩ ወዲያ የግራሩ ጢስ ሽታ ሲመጣ እጄ ላይ ያለው ዘነዘና ቆመ። ውባለም በሙቀቱ «አልቻልኩም!» ስትል ሐጂያ «እናትሽም እንዲሁ ትል ነበር፤ ሲያልፍ ግን እኔን ነበር የምትስመው» ይሏታል። ስላንቺ የማላውቀውን ብዙ ነገር በአጥር ሥር ሰማሁ። ከኔ ጋር ከመጋባትሽ በፊት ባለው ሳምንት «ወሎዬው ዝምተኛ ነው፤ ዝምታውን እንዴት ላስለቅቀው?» ብለሽ ጠይቀሻቸው ኖሯል። እሳቸውም «ጥሩ ነገር እያጠጣሽ» ብለውሻል። ጥሩዬ፣ እኔ እኮ ከርከዴው ለጥም መስሎኝ ነበር።

በቀዝቃዛ ውኃ የተዘፈዘፈውን ከርከዴ ማታውን በማርና በቅርንፉድ አጣፈጡት። ስኳሩ አልበቃም ብዬ ስጨነቅ «ማር ያለው ሰው ስለ ስኳር ያወራል?» ብለው ሳቁብኝ። ጠላውንና ብርዙን ጎረቤት ጠመቀልን፤ በፋሲካ ብርዛቸውን የመለስኩባቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አላነሱብኝም።

ሰዓት እላፊ ስላለ ሰርጉ በቀን፣ በዚያ ሐሩር ሆነ። ከሳንጃ ዘመዶችሽ መጡ። ከደጋ ለእርሻ ሥራ የመጡ የኔ አገር ልጆችም ዳሱን ሞሉት። አንዱ ቀዩን መጠጥ በብርጭቆ ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ደም የመሰለው ምንድን ነው?» አለኝ። ቅመስ አልኩት። ቀመሰና ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ። ወዲያው እንስራው ተሟጠጠ። ለኬላው ልጅም በጀሪካን ልኬለታለሁ።

ከዚያ ውባለም ወጣች።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሐጂያ ያቺን አጭር ጸጉር በሰሊጥ ዘይት አለስልሰው፣ ቀጭን ቀጭን ሹሩባ ሠርተው፣ ጫፉን በጥቁር ክር አስረዝመውታል። እጇና እግሯ በሂና አበባ አበባ ሆኗል። ዓይኗ ተኩሏል። የጥቁሩ ልብስ ጊዜ ትከሻዋን አጉብጧት ነበር፤ ቀና ብላ ወጣች። ምርቃት ሲጠብቁኝ እኔ እሷን ሳይ ቀረሁ። ሐጂያ በምርኩዛቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ውበትሽ ይባረክ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አባት እንዲህ ብሎ አይመርቅም። ውባለም ግን ጉልበቴን ስማ «አሜን አባዬ» አለች።

ከምርቃቱ በኋላ ከበሮው ሲመታ ወደ መሐል ጎተቱኝ። እምቢ አልኩ፤ ኋላ ግን ትከሻዬ ራሱ ጀመረ። ታውቂያለሽ፣ ከሞትሽ ወዲህ አንቺን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የሕመምሽ ፊት ነበር፤ ያ የደረቀ ከንፈርሽ፣ ያ ብርድ ብርድ ያለሽ ቀን። ዓመት ሙሉ ሌላ ፊትሽን ፈልጌ አጣሁት። አብዝቼ ባዘንኩ ቁጥር እየራቅሽኝ ሄድሽ። በዚያ በሐሩሩ መሐል፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ስጨፍር ግን ድንገት መጣሽ። ጤነኛ ነሽ፣ ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሻል፣ በአፍሽ ላይ እጅሽን ጭነሽ እየሳቅሽ ነው። ቆምኩ። ሰው ደከመው ብሎ ወንበር አመጣልኝ። አልደከመኝም ነበር፤ እንዳትጠፊብኝ ብዬ ነው የቆምኩት።

ውባለም ሳንጃ ከገባች ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ደህና ነኝ ብላ ልካልኛለች። ሐጂያንም በሰላም ወደ አገራቸው መልሻለሁ።

ከእንግዲህ እንዲህ ነው የማስብሽ ጥሩዬ። ጥቁር ለብሼ አይደለም። ያቺን የሳቅሽበትን ፊት ይዤ ነው። የልጅ ልጅ ካየሁም አያትሽ እንዲህ ነበረች፣ እንዲህ ትለብስ ነበር፣ እንዲህ ትስቅ ነበር እያልኩ እነግራታለሁ። ከፊትሽ እስክቆም ድረስ አንዲቷም ነገርሽ ከኔ ዘንድ አትጠፋም።

ያንቺው ዝምተኛ፣
ታደሰ