ነጭ ለብሼ ያየሁሽ ቀን

ለምወድሽ ምራቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም በዚህ ቁር አልከዳኝም። ላሟ ወልዳለች፤ ገብሱም ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድን ነው እንዳትዪኝ። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እከተላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ቀስ ብላም ቢሆን ታደርሰኛለች።

ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሚሉት ያንቺ መሥሪያ ቤት ከተከፈተ ወዲህ መንደራችን ሮብ ገበያም ሌላ ሆናለች። ድንቻችን ጓሮ መበስበሱ ቀርቶ የፋብሪካችሁ መኪና ደጃችን ድረስ መጥቶ ይጭነዋል። ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ያወጣችው የጎረቤታችን የዘመነ ልጅ እንኳ ሐሳቧን ለውጣ እዚያው ተቀጥራ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታለች። የግጦሽ መሬታቸው ለዞኑ የሄደባቸው ግን ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ይታይሽ ማርቆስ ደርሳ መጣችና፣ «ምራትሽ ከሏን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ስትስቅ በፋብሪካው አጥር በኩል አየኋት። የየሺዋስ አፈሩ መች ደረቀ» አለችኝ። ልጄ በሕመም ከተለየን ሁለት ዓመት ቢሆነውም ንግግሯ ወጋኝ። እሑድ እሑድ ከል ለብሰሽ ትመጪልኝ የለ? ታታልለኛለች ብዬ ተናደድኩብሽ።

ድንች አቅራቢዎች ፋብሪካውን የሚጎበኙበት ቀን ነበርና ድንቻችንን በሚጭነው በአስማማው አይሱዙ ወጣሁ። አስማማው መቼም ቀልዱ አያልቅበት፤ «እትዬ ማሬ፣ እዚያ ሲደርሱ ከድንቹ ራቅ ይበሉ። ማሽኑ አይለይም፣ አብሮ ይልጥዎታል» አለኝ። እኔን ኀዘን ልጦ ጨርሶኛል አልኩት።

በሩ ላይ ያለችው ልጅ ያለ ነጭ ጋዋን፣ ያለ ቆብና ያለ አፍ መሸፈኛ ማንም አይገባም አለች። ኀዘንተኛ ነኝ አልኳት። «እማማ፣ ምግብ የሚሠራበት ቤት ነው። ኀዘንተኛውም ሙሽራውም የሚለብሰው አንድ ነው» አለችኝ። እናም በከሌ ላይ ነጭ ለበስኩ። ይታይሽ ያየችው ነጭ ይኸው ነው ለካ። መስተዋት ውስጥ ራሴን ሳየው ሊቀድስ የተዘጋጀ ቄስ መስዬ ሳቄ አመለጠኝ።

ውስጥ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ የቷ አንቺ እንደሆንሽ መለየት አቃተኝ። አማረ እያሉ የሚጠሩት ማሽን ጠጋኝ ጠማማ ድንች አንስቶ፣ «ይቺ ቁርጥ አለቃችንን አትመስልም?» ሲል አንዲት ልጅ ሳቀች። በሳቅሽ አወቅሁሽ። ልጄ በሕይወት ሳለ ቤቴን የሚሞላው ሳቅ ነው፤ ከእሱ ጋር የቀበርኩት መስሎኝ ነበር። ጠጋኙም ማሽኑን ረስቶ አንቺን ነበር የሚያየው። ልቆጣ የሄድኩት ሴትዮ እዚያው ቆሜ በደስታ አለቀስኩ፤ የአፍ መሸፈኛው ደበቀልኝ። በአጠገብሽ ሳልፍ አላወቅሽኝም። «እማማ፣ ወለሉ ያዳልጣል» ብለሽ ክንዴን ያዝሽልኝ።

ስመለስ ይታይሽን መንገድ ላይ አገኘኋትና «እኔም ነጭ ለብሼ ስስቅ ዋልኩ፣ ይህንንም ጨምረሽ አውሪ» አልኳት።

ኀዘኔ አላለቀም፤ እስከ መቃብሬ አብሮኝ ነው። ከሌን ግን አጥቤ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። አንቺም እሑድ ስትመጪ ለእኔ ብለሽ መናኸሪያ ላይ ልብስሽን በከል መቀየሩ ይቅርብሽ፤ ገምቼዋለሁ። ያን አረንጓዴ ቀሚስሽን ልበሺው።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትና አባትሽ በሕይወት የሉም፤ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ቢኖር የማንን ደጅ ላንኳኳ ብሎ እንዳይቸገር። የእኔ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰው ነው። ጌሾ ወቅጫለሁ። ከክረምቱ በፊት ይሁን ብቻ፤ መንገዳችን ከጨቀየ ማሽን ጠጋኝም አይወጣው።

የየሺዋስ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ፤ ሳቅሽን አይንሣሽ።

እናትሽ