በቆሎውን የበላሁት እኔ አይደለሁም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ላይ ያስጨንቅሻል? የእማዬ ዓይንስ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ እንዳልልሽ ቆሽቴ አርሯል። ያሳረሩትም ሁለት ናቸው፤ አንዱ መሥሪያ ቤቴ፣ ሌላዋ አንቺ።

የማጸዳው ላብራቶሪ ከመሬት ተቆፍረው የወጡ የእህል መፍጫ ድንጋዮች የሚመረመሩበት መሆኑን ነግሬሻለሁ። ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት የተፈጨው ነገር ብናኝ በድንጋዩ ቀዳዳ ተወሽቆ ይቀራል። ዶክተሯ በውሃ አጥባ ታወጣውና በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። ስታርች ይሉታል። የባቄላው መልክ ሌላ ነው፣ የስንዴው ሌላ፤ በዚያ የጥንቱ ሰው ምን ይበላ እንደነበር ያውቃሉ። የእኔን ምሳ ማወቅ ግን አቃታቸው።

ባለፈው ወር ድንጋዮቹ ላይ የበቆሎ ስታርች ተገኘ። በቆሎ ደግሞ በዚያ ዘመን እዚህ አገር አልነበረም። የዛሬ ሰው ነው ያስገባው ተባለ፤ የዛሬ ሰው ማለት እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሽርጤና መወልወያዬ ተመረመሩ፣ የምሳ ዕቃዬ ሳይቀር በጥጥ ተጠረገ። የወጣው የድንችና የስንዴ ብቻ ነበር። አስተዳዳሪው ግን ሌላ ቀን በልተሽ ይሆናል ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። አንድ ከተጨመረ ኮንትራቴ አይታደስም።

ይህን ብጽፍልሽ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «በልተሽ ከሆነ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ።» በልጅነቴ አንድ እሸት በቆሎ በቀመስኩ ቁጥር ሆዴ ሲነፋ ጀርባዬን ስታሺ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? በእናታችን ልጅ ያልታመንኩ፣ በማን ልታመን? ማስጠንቀቂያውን ዋጥ አድርጌው ነበር፤ ያንቺ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልዋጥ ብሎኛል።

አሁን የሆነውን ስሚ። ከበሩ እጀታ፣ ከመብራት ማብሪያው፣ ከማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ በየቀኑ ነጭ የጣት አሻራ እጠርጋለሁ። ለዶክተሯ ረዳት ነግሬው አቧራ ነው ብሎ ስቆብኛል። ማክሰኞ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ዶክተሯ ጓንቷን አድርጋ ስትመጣ ንጹሑን ጥቁር ጨርቅ ዘረጋሁና እባክዎ እጅዎን ይጫኑበት አልኳት። ግራ ቢገባትም ጫነችው። አምስቱም ጣት ነጭ ሆኖ ወጣ። በማይክሮስኮፕ ብታየው በቆሎ። ጓንቱ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ የሚነሰነስበት ዱቄት ከበቆሎ የተሠራ ኖሯል፤ ያን ጓንት መርጣ ያስገዛችውም ራሷ ናት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አልኩ በሆዴ።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የዓመት ሥራዋ እንደገና ከሀ ሊጀመር ነው። እኔ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ስፈትል የሰነበትኩትን ነገር ልጀምርላት አፌን ስከፍት ተነሣች። ጨርቁን ይዛ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጣች፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አስተዳዳሪውን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷን ማስጠንቀቂያ ቅደደውና በእኔ ስም ጻፈው» አለችው። ፋይል የገባ ወረቀት አይወጣም፣ ደንብ አለ ምናምን ሲል ቆማ ጠበቀችው። ወረቀቱ ሲቀደድ በዓይኔ አየሁ። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ሳይወጣ ቀረና ያናድደኛል።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የዓይን ጠብታውን እንዳታቋርጥ አደራ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጢሙን ተላጨ ወይስ እንደ ፎከረ ቀረ? ትልቁን ልጅሽን በርታ በይልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም እንዳትረሺ።

ያንቺን ሰላምታ ግን ለጊዜው ይዤዋለሁ። ባዳዋ ጥፋቷን ለማመን ሦስት ፎቅ ወጥታለች። አንቺን የሚያስፈልግሽ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ታናሽሽ
ከጽዳት ዕቃ ክፍሉ
ኅዳር 12 ቀን