የቤተ መንግሥቱ ድንጋይ

ድንቡሼ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

ያረፍንበት ቤት ባለቤት በራፏ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። የተቀመጠችበት አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ ማዶ ከፈረሰው ቤተ መንግሥት የመጣ ነው። አክስቴ «ነውር አይደለም?» አለቻት።

«ምን ነውር አለው እቴ? ነገሥታቱም ከእነሱ በፊት ከወደቀው ከተማ ነው ያመጡት። የእኔም ሲፈርስ ሌላው ይወስደዋል» ብላ ሳቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍርስራሹ ተኝቶ የሚተነፍስ፣ ነገ የሚነቃ መሰለኝ።

«ቤታችን ሊፈርስ ነው» ብለሽ ስታለቅሺ የምልሽ ጠፍቶኝ ነበር። አሁን አገኘሁት። አብረን የምንቀመጥባትን የደጃፋችሁን ድንጋይ ይዛችኋት ሂዱ። አዲሱ ቤት በር ላይ እናደርጋታለን።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፣ የወንድምሽን ጆሮ ቆንጥጪልኝ። እስክመጣ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጪ፤ ግማሿን ግን ለእኔ ተይልኝ።