የዘገየችው አልሐምዱሊላህ

ውዱ አባዬ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። አንተ በጊዜ ሄድክ፤ ወዲያው ወረርሽኝ መጣና ሰው ተሰብስቦ መቅበር እንኳ ብርቅ ሆነ። ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ደህና ነው። ወንድሜ ጀማል አግብቶ ያንተን ክፍል ይዟል፤ የወታደር ካፖርትህን ግን ከተሰቀለበት አላወረደውም። እኔም እዚሁ ዱባይ፣ አል ዋርቃ፣ እዚያችው ማዳም ቤት እየሠራሁ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ በድሮው ሥራህ ምክንያት ነው። በምሥራቁ ጦርነት ምርኮኛ ትመረምር እንደነበር ስትነግረን፣ እኛ የዱላና የጩኸት ወሬ ስንጠብቅ አንተ የምታወራው ስለ ሰላምታ ነበር። አስተማሪህ የነገረህን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ወታደሮች ታሪክ ትወደው ነበር። ሙቱ እንጂ አትማረኩ ተብለው ስለሠለጠኑ፣ ከተማረኩ በኋላ ምን መደበቅ እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም። ይገድሉናል ብለው ሲጠብቁ ማራኪዎቻቸው ውኃና መድኃኒት ሲሰጧቸው ብዙዎቹ የሚያውቁትን ተናገሩ። አንተ ደግሞ ትምህርቱን ወሎኛ አደረግኸው። ምርኮኛውን ታስቀምጠዋለህ፣ ሻይ ትሰጠዋለህ፣ በራሱ ቋንቋ ሰላምታውን ታስረዝመዋለህ፤ እናቱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ወንድሞቹን። ለሁሉም አልሐምዱሊላህ ይላል። አልሐምዱሊላህ የምትዘገይበት ቦታ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው ትለን ነበር።

ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ሆነ። የጎረቤታችንን ልጅ ዘይነብን ታውቃታለህ። እዚሁ ዱባይ፣ ካራማ ሰፈር፣ ብዙ ሴቶች በአንድ ክፍል አልጋ አልጋ በምንከራይበት ቢድ ስፔስ ትኖራለች፤ እኔም ጁምዓ ጁምዓ እዚያ አርፋለሁ። በሽታው ያዛት። ቪዛዋ አልቆ ስለነበር ሐኪም ቤት ከሄድኩ ወደ አገሬ ይመልሱኛል ብላ ለማንም እንዳንናገር አስማለችን። መድኃኒት እየገዛሁ ብልክላትም ትንፋሿ በስልክ እንኳ ያስፈራ ጀመር። ኤጀንሲው ሲልከን መጥረግና መተኮስ ነገረን እንጂ፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚባል አልነገረንም።

አንድ ቀን ማዳም፣ ሐሳብ እንደያዘኝ አይታ ኖሮ፣ ከሥራዬ ጠርታ ሳሎን አስቀመጠችኝ። እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ቴምር አቀረበችልኝ። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስለ ጀማል ጠየቀችኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ጓደኞቼ ስትጠይቀኝ ዘገየሁ። ተያዝኩ። ያንተ ልጅ ሆኜ! እንኳን አላየኸኝ፣ ትስቅብኝ ነበር።

ዝም ብል እንደምትተወኝ ከፊቷ ያስታውቃል። ብትቆጣኝ ኖሮ አፌን እቆልፍ ነበር። ግን ዘይነብ በእኔ መሐላ ልትሞት ነው። ክፍሉ የት እንደሆነ ነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማዳም ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ጠራች።

ዘይነብ በኦክስጅን ሰንብታ ዳነች። ከዚያ እንደፈራችው ወደ አገሯ ተመለሰች። አሳልፋ ሰጠችኝ ትላለች አሉ፤ ስልኬንም አታነሳም። ይከፋኛል፣ አልዋሽህም። ግን ትኑር እንጂ ታኩርፈኝ።

አባዬ፣ አንተን አልረሳህም። ከየሰላቱ በኋላ በዱዓዬ ስምህን እጠራለሁ፣ የእሷንም እጠራለሁ። ያንተን ከሙታን ጋር፣ የእሷን ከሕያዋን ጋር።

ልጅህ ሰዓዳ