ባዶ ነው ያልከው ቁጥር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትህንም ዘከርን። እማዬ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ትለኛለች። ልሁን። በሕይወት ሳለህ ወቃሹ አንተ ብቻ ነበርክ።

ከእማዬ ጋር የኖርክበት የፍሌሚንግደን ሰፈሩ ቤት አሁን ብርሃን ይገባዋል። መስኮቱን ዘግቶ የኖረው የኮምፒውተር ኮተትህ ከተማው ማዶ ሬክስዴል እኔ ቤት መጥቷል።

ልጅ ሳለሁ አጠገብህ አስቀምጠህ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ፕሮሰሰር የሚያውቀው ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ነው ትለኝ ነበር። ያ ያረጀው ፕሮሰሰርህ ፋብሪካው ባዶ የተዋቸው ቁጥሮች ነበሩት። አንተ ፕሮሰሰሩን እንደ አዲስ ሠርተህ በእነዚያ ላይ የራስህን ትእዛዞች ጨመርክ፤ ፊደላችንን ቶሎ የሚስሉ። ሕግህ አንድ ነበር፤ የድሮው ፕሮግራም ሳይነካ ይሥራ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በስደት እንደመጣህ የጻፍከው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምህ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ መጻፊያው እምቢ አለ። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ቦርድ መጨረሻ ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ። በፋሲካ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «የስንት ዓመት ልፋቴን ይቺ ልጅ ገደለችው» አልክ። ከዚያ ወዲያ ኮል ሳደርግ ስልኩን ለእማዬ ታቀብላለህ። እንዳኮረፍከኝ ሞትክ።

ቦርዱ ደህና ነው፣ አባዬ። የፋብሪካውን ፕሮሰሰር ስሰካበት መጻፊያህ ተነሣ፤ ያንተን ስመልስ ቆመ። የት ላይ እንደሚቆም ተከታተልኩ። ወጣት ሳለህ፣ ባዶ ከተባሉት ቁጥሮች አንዱ ሳይነገርለት የሚሠራው ሥራ እንዳለ ደርሰህበት መጻፊያህ ውስጥ ተጠቅመህበታል። ስታረጅ ረሳኸውና አዲሱን ትእዛዝህን እዚያው ላይ ጫንክበት። ልፋትህን የገደልከው ራስህ ነህ።

አዲሱን ትእዛዝ ወደ ሌላ ቁጥር አዛወርኩት፣ ለዚያኛውም የድሮ ሥራውን መለስኩለት። አሁን መጻፊያህም አዲሱ ትእዛዝህም ይሠራሉ።

በሙት ዓመትህ በእነዚያው የፋሲካ እንግዶች ፊት መጻፊያህን ከፈትኩት። ፊደሉ ሲወጣ አጨበጨቡ። ጥፋቱ የማን እንደነበር ላስረዳ ብጀምርም የሚከተለኝ አልነበረም። ታላቅ ወንድምህ ግንባሬን ስመው «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አባትሽን ካስሽው» አሉኝ። እኔ ነኝ ካሣ ከፋይዋ፣ እስቲ ፍረድ። እማዬም እያለቀሰች አመሰገነችኝ።

ነገሩን ብነግረው የሚገባው ሰው አንድ አንተ ነበርክ። ቁጥሩን ስጠራልህ ፊትህ ሲለዋወጥ ማየት ነበር የምፈልገው፤ እሱንም ከልክለኸኝ ሄድክ።

ቃሌን ልስጥህ፦ እስክሞት አልረሳህም። ይቅርታውን ግን ከእኔ አትጠብቅ።

ልጅህ