በአመድ የተማርሽው ቤት

ውድ እናቴ፣ እማዬ፤

ከተለያየን አሥረኛ ወሩን ይዟል። ሌላውን ከማንሣቴ በፊት የሆነውን በየተራው ላስቀምጥልሽ፤ ልማዴን ታውቂዋለሽ።

በኅዳር የሞጣው ቤት መሠረት ተቆፈረ። በጥር ግድግዳው ቆመ። በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ቢቸና መጥቼ ያንኑ ቤት በግቢሽ ውስጥ በአመድ ሠራሁልሽ። በሚያዝያ ጣሪያው ተመታ። በግንቦት ሦስት ቀን ታመሽ በአራተኛው ዐረፍሽ፤ የተቀበርሽውም እዚያው ቢቸና ነው። በሐምሌ ቤቱ ቀለም ተቀባ። በነሐሴ አባዬን ይዘን ገባን። ዘንድሮም ጾሙ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በኮሪደሩ ውስጥ እርምጃ ሰማሁ።

አንቺ ይህን ቤት አንድ ቀን እንኳ አልረገጥሽውም።

ለእርጅና የሚመች ቤት እየነደፍኩልሽ ነው ባልኩሽ ጊዜ ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ አስታውሳለሁ። «ጧሪ ያጣሁ መሰልኩሽ?» አልሽኝ። አስረዳሁሽ፤ አንቺና አባዬ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ልጃችንም በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖርበት፣ ማንም ደረጃ የማይወጣበት፣ የማንም እግር በደፍ የማይሰናከልበት፣ በሩ ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ ቤት መሆኑን። እስከ መጨረሻው አዳምጠሽ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ከምትደረድሪ፣ ቤት ነው አትዪም?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። የደፉ ነገር ግን አልተዋጠልሽም። «ደፍ ከሌለው ማን እንደገባ ማን እንደወጣ በምን ይታወቃል?» አልሽ። ቀልድ ነው ብዬ በማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርኩትም።

በዚያን ጊዜ ዓይንሽ ጥላን ከብርሃን ከመለየት አያልፍም ነበር። አንድ ቤት የቱንም ያህል ቢመቻች፣ የማያይ ሰው ካልተማረው ወጥመድ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ቤቱን እንድትማሪው ወሰንኩ። ግንበኞች መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት የቤቱን መስመር በኖራ መሬት ላይ እንደሚያሰምሩ፣ እኔም ከምድጃሽ አመድ አውጥቼ መኝታ ክፍልሽን፣ ኮሪደሩንና መጸዳጃ ቤቱን በትክክለኛ መጠናቸው አሰመርኩ። በኮሪደሩ ዳር ችካል ተክዬ ገመድ ወጠርኩ፤ በሞጣው ቤት የሚኖረው የእጅ መደገፊያ ምሳሌ ነው። የገመዱን ከፍታ ለማወቅ ከመሬት እስከ እጅ አንጓሽ ስለካ ሰማንያ ሁለት ሴንቲሜትር ሆነ። «የምትለኪኝ ለቀሚስ ነው ለሣጥን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አባዬ ተቆጡሽ። አንቺ ግን በራስሽ ቀልድ እስኪያስልሽ ሳቅሽ።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በፕላኑ መሠረት የመጸዳጃው በር በኮሪደሩ በስተቀኝ ነበር። በግቢሽ በስተቀኝ ደግሞ ጎተራው ቆሟል፤ ቦታው አልበቃኝም። እኔም ቤቱን ወደ ግራ ገለበጥኩት። በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ወረቀት መገልበጥ ከምንም አይቈጠርም፤ ርዝመቱም ስፋቱም አይለወጥም። የአንቺ እግር ግን ወረቀት እንዳልሆነ በዚያች ሰዓት አላሰብኩም።

ወደ ሥራዬ ወደ ሞጣ ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን አባዬ በስልክ ይነግሩኝ ነበር። ሌሊት ነፋስ የበተነውን መስመር ጧት ጧት በአዲስ አመድ ያድሳሉ። አንቺም በአዘቦቱ ቀን፣ ጾም የምትፈቺበት ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ፣ በገመዱ ላይ ግራ እጅሽን እያንሸራተትሽ ትመላለሻለሽ። በሦስተኛው ሳምንት ስመጣ ገመዱን ትተሽ ነበር። ከመኝታ ክፍልሽ ወጥተሽ ሰባት እርምጃ ሄድሽ፤ ስምንተኛውን ወደ ግራ ታጥፈሽ በመጸዳጃው በር አስገባሽው። «ግራ እጄ ቤቱን ለምዶታል፤ ከእንግዲህ መሪ አልፈልግም» አልሽ። ያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ለሁለት ዓመት ያላየሁትን ኩራት ግን በፊትሽ ላይ አየሁና ከትንሣኤ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ከትንሣኤ በኋላ የጣሪያው ሥራ ያዘኝ። ከጣሪያው በኋላ ግንቦት መጣ።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። የሥራ ክፍሌ ከኮሪደሩ በስተግራ ነው፤ በሩ ወደ ሳሎን ስለሚከፈት ኮሪደሩንና እኔን ድፍን ግድግዳ ይለየናል። ጠረጴዛዬ ላይ ሳለሁ የነጠላ ጠርዝ ግድግዳ ሲጠርግ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከእርሱም ጋር ቀስ ያለ እርምጃ። ሰባት ላይ ቆመ። ከዚያ በግድግዳው ማዶ፣ በጆሮዬ ትይዩ፣ መዳፍ የሚዳብስ ድምፅ መጣ። ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ጎን። ጥቂት ቆየና እርምጃው ወደ መጣበት ተመለሰ።

ወጥቼ አየሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ልጃችን ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴም እያስተማረ ነበር። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። በግራው ግድግዳ ላይ ግን፣ መደገፊያ በሌለበት በኩል፣ ቀለሙን ያደበዘዘ ቀጭን መስመር አገኘሁ፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ይመስላል። ከፍታውን ለካሁ። ቍጥሩን አልጽፍልሽም፤ አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የውኃ ቧንቧ የለም። የአባዬን አንጓ ለካሁ፤ ከመስመሩ በዘጠኝ ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ እርሳቸውም የሚይዙት የቀኙን መደገፊያ ነው። እርጥበት እንደሆነ ለማወቅ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቄ ለሦስት ቀን ተውኩት። ላስቲኩ አላላበውም። መሐሉ ግን መዳፍ በሚያህል ስፋት ተጨምቆ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ለዚህ ማብራሪያ የለኝም፤ የሌለኝንም አልፈጥርም።

በዚያው ሳምንት አባዬ ምሳቸውን ማቆየት ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል፣ ይቀርብላቸዋል፣ ክዳኑን አያነሡም። ድምፁ ተመልሶ እስኪጠፋ፣ አንዳንድ ቀን እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ ይጠብቃሉ። ሰውነታቸው ሲከሳ ባየሁ ጊዜ ጠየቅኳቸው። «እናትሽ ቆማ እኔ ለምሳ ልቀመጥ?» አሉኝ። ከዚያም ቀጠሉ፤ «ያመዱን ቤት አዙረሽ ነበር የሠራሽው። እዚህ በገባን ቀን ዐውቄዋለሁ። ግራ ቀኙን ያልለየ መሐንዲስ አሳድጌ ማንን ልውቀስ! አሁን ግን አንቺ ልጅ፣ እናትሽን በር አታሳዪያትም?»

እማዬ፣ ይህ ቤት የተሠራው ማንም ሰው የሰው እጅ ሳይጠብቅ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፍ ነው። ሥራዬ ይህ ብቻ ነበር። አንቺ ግን በእኔ ዝምታ ምክንያት ድፍን ግድግዳ ትዳብሻለሽ፤ አባቴም ስለ አንቺ ይራባሉ። ከዚህ በላይ መመርመር ጥንቃቄ ሳይሆን ሽሽት መሆኑ ገባኝ።

ባለፈው ረቡዕ ጧት ግንበኛው መጣ። መስመሩ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ዘጠና ሴንቲሜትር ስፋት አመለከትኩት። «እትዬ፣ ይህ ክፍል በር አለው አይደል እንዴ? ይኼኛው ለማን ነው?» አለኝ። ፕላኑ ላይ የነበረ ነው አልኩት። አልዋሸሁትም፤ የትኛው ፕላን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ብሎኬቱን አወጣ፣ ከላይ ተሸካሚ አደረገለት፣ ጠርዙን ለሰነው፣ ወለሉን ከኮሪደሩ ጋር እኩል አደረገው። ደፍ የለውም።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ለአዲሱ በር ጀርባዬን ሰጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት እርምጃ ቆጠርኩ። ስምንተኛውን ከኋላዬ ሰማሁት።

አልዞርኩም። እንዳላሳፍርሽ ይሁን ፈርቼ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ክፍሉ ውስጥ የአመድ ሽታ ነበር፤ በዚህ ቤት አመድ የለም፤ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከበረንዳው የአባዬ ሳሕን ክዳን ሲነሣ ሰማሁ።

ወደፊት ለሌሎች ሰዎች ቤት እነድፋለሁ፤ በእያንዳንዱም የእጅ መደገፊያ ላይ ያንቺን አንጓ አስባለሁ። ግራ እጅሽን አልረሳውም። የዝምታዬንም ዕዳ አልረሳውም። ባለቤቴ ግን ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ አናጢው የአዲሱን በር መዝጊያ መቼ እንደሚያመጣ።

በሩን ከፍቼልሻለሁ። መዝጊያ አልገጠምኩለትም።