በወረቀቱ ላይ ያልነበረው

ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጎረቤቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የጎርጎራ ነፋስ ለደረትዎ ተስማማዎት ወይ? በዚህ ክረምት ሳልዎ እንዳልተነሣብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰፈራችን ግሽ አባይም እንደተዉት ነው፤ ከበርዎ ፊት ያለው መንገድ ብቻ ዘንድሮ ጭራሽ ጭቃ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ።

ከሁሉ በፊት የምሥራች ልንገርዎ። የስድስተኛ ክፍልን ፈተና አለፍሁ። በአርባ አራት ዓመቴ ልጆቼ ከሚሆኑ ሕፃናት መካከል ተቀምጬ ተፈተንሁ። ፈታኙ የተማሪ እናት መስዬው፣ ወላጆች የሚጠብቁት ከአጥር ውጭ ነው ብሎ ሊያስወጣኝ ነበር። የመፈተኛ ቁጥሬን ሳሳየው አፍሮ ወንበሩን በእጁ ጠረገልኝ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለትም ስሜን ራሴ ፈልጌ አገኘሁት።

ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት። መሸንቲ ሳለሁ በዘጠኝ ዓመቴ ሦስት ወር ተምሬ፣ አባቴ ሊድረኝ ሲል ከትምህርት ቤት እንዳስወጣኝ አጫውቼዎት ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ መሠረተ ትምህርት ሲጀመር አልሄድም አልሁ። ፈትል ክፍል ስምንት ሰዓት ቆማ የዋለች ሴት ምን ፊደል ይገባታል ብዬ። እርስዎ ግን ደብተርና እርሳስ ገዝተው መጡና፣ "እኔ ሁልጊዜ እዚህ አልኖርም። የልጅዎን ደብዳቤ ራስዎ ቢያነቡት ይሻላል" አሉኝ።

አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ልጄ አለበል ብቻ ነው። ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ከሄደ በኋላ ደብዳቤው በመጣ ቁጥር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዤልዎ እመጣ ነበር። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያነቡልኛል። "እማዬ፣ ከሥራ ስትመለሺ እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ትታጠቢያለሽ ወይ? ትከሻሽ እንዴት ሆነ? ብቻሽን ስትሆኚ ምግብ ይበላልሻል?" ይላል። እኔም እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው እያልሁ ለፈትል ክፍል ሴቶች ሁሉ ሳወራ እውላለሁ።

የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ያሳየሁዎት ዕለት እንኳን ደስ ያለዎት ብለው ፈጥነው ወደ ቤትዎ ገቡ። ወር ሳይሞላ ጎርጎራ ተዛወርሁ ብለው በጀልባ ሄዱ። ያዛወረዎት ሰው እንደሌለ፣ ራስዎ አመልክተው እንደ ሄዱ የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረባ አቶ አዘዘ ኋላ ነገሩኝ።

እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ የአለበልን ደብዳቤዎች ከሣጥን አወጣሁ። የመጀመሪያው "ደህና ነኝ። ብርዱ ከባድ ነው። በርበሬ በሰው ላኪልኝ። ልጅሽ አለበል" ይላል። ቀሪውን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጥሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ስለ እግሬ የለ፣ ስለ ትከሻዬ የለ። ትከሻዬን የታመምሁት እኮ አለበል ከሄደ በኋላ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም። ከቦኖ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ባልዲው ከእጄ ሲወድቅ ያዩኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናደድሁ። ማንበብ አለመቻሌን አይተው ተጫወቱብኝ ብዬ አዘንሁ። አድራሻዎን ከአቶ አዘዘ ተቀብዬ ሳለ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ የቀረሁት ለዚህ ነው። ትምህርቱን ግን አልተውሁም። መጀመሪያ በንዴት ነበር የምማረው። አንድ ቀን መምህሩ የዓለም ካርታ ሲሰቅል፣ ልጄ ያለበትን ኦዴሳን በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ንዴቱ የት እንደ ገባ እንጃ፣ ትምህርቱ ብቻ አብሮኝ ቀረ።

አሁን ደግሞ አስተማሪ ሆኛለሁ ብልዎ ያምኑኛል? በዚህ የመሠረተ ትምህርት ዙር ሐይቁ ዳር ያሉትን የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች እንዳስተምር ቀበሌው መድቦኛል። ከፈረቃ ወጥቼ በአሥር ሰዓት እደርሳለሁ። ዓሣ በጭስ ሲያደርቁና ሲያጸዱ ይውሉና እጃቸው ሳይደርቅ ጠመኔ ይይዛሉ። ከመካከላቸው ራሂማ የምትባል የእኔ እኩያ አለች። ባለፈው ሰኞ አሰብ ካለችው ልጇ የመጣ ደብዳቤ ይዛ መጣችና አንብቢልኝ አለችኝ። ሦስት መስመር ነው፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሁሉንም ሰላም በሉልኝ። አንብቤ ስጨርስ ራሂማ አፍ አፌን እያየች፣ "ሌላስ? ሌላ ምንም የለውም?" አለችኝ።

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ "እማዬ ናፍቀሽኛል፤ የዓሣው ጭስ ዓይንሽን እንዳይጎዳሽ ተጠንቀቂ" ብዬ አነበብሁላት። ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ እርስዎን ሳስብ ሄድሁ። እኔ የጨመርሁት አንዲት መስመር ነው፤ ያውም አሳዝናኝ። እርስዎ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ ጨመሩልኝ። ያን ያህል አዘኔታ ብቻ አያናግርም። ደግሞም ሁሉ ነገር እንደሚታወቅብዎ እያወቁ ደብተሩን የገዙልኝ ራስዎ ነዎት።

እንግዲህ ለተጠየቅሁት ሁሉ መልስ አለብኝ። ትከሻዬ ድኗል። እግሬን እታጠባለሁ። ብቻዬን ግን አይበላልኝም። የእርስዎን አልጠይቅዎትም፤ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ራትዎ ሻይና ዳቦ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ትናንት ገበያ ላይ አቶ አዘዘን አግኝቻቸው፣ በእርስዎ ቦታ የነበረው ሰው ወደ ደሴ መዛወሩን፣ ቦታውም እስካሁን ክፍት መሆኑን አጫወቱኝ። እንዲያው ለወሬ ያህል ጻፍሁልዎ። እኔ በጥቅምት ሰባተኛ ክፍል እጀምራለሁ። እንግሊዝኛው ያስፈራኛል፤ የሚያስጠናኝ ሰው ባገኝ ደግ ነበር።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ሐይቁን የሚሻገሩ ቢሆን ማዕበሉን ያስተኛልዎ። መልስ ሲጽፉልኝ በማንም ስም አይጻፉ፤ በራስዎ ስም ይጻፉልኝ። የማነበው እኔ ነኝ።

አክባሪዎ
ጎረቤትዎ